ያነበቡትን ለወዳጅ ማካፈል

መጽሐፍ ማንበብ መልካም ነው፤ ያነበቡትን ለወዳጅ ማካፈል ግን ከዚያ ይበልጣል። እህል በጎተራ ተከቶ ቢቀር ነቀዝ ይበላዋል፤ ወጥቶ ቢዘራ ግን አንዱ ቁና ብዙ ቁና ሆኖ ይመለሳል። እንደዚሁም ሰው ያነበበውን በልቡ ብቻ ቢሸሽገው ጥቂት በጥቂት ይረሳዋል፤ ለባልንጀራው ቢነግረው ግን በራሱም ልብ ይጸናል፥ ለባልንጀራውም ዕውቀት ይሆናል።

የጎጃም ሊቃውንት ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በዋሸራና በጎንጅ፥ በዲማና በደብረ ኤልያስ ስማቸው የታወቀ የትምህርት ቦታዎች አሉ። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከሩቅ አገር ወደ መምህሩ ይመጣል። ቀን ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ብቻውን ያስባል፤ ይህም ቆጠራ ይባላል። ነገር ግን ትምህርቱ በዚህ አያበቃም። ያሰበውን ይዞ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ቀርቦ ይናገራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። ብቻውን ሳለ ያማረ መስሎ የታየው ቅኔ በሰው ፊት ሲነገር ጉድለቱ ይገለጣል፥ ይታረማልም። ስለዚህ ቆጠራ ያለ ነገራ አይፈጸምም፤ ማንበብም ያለ መነጋገር እንዲሁ ነው።

በእነዚህ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ካደጉት ሰዎች አንዱ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው በጎጃም አስተማሪ ሆኑ። በጠላት ወረራ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱና ለዓመታት በግዞት ቆዩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በታላላቅ ሥራዎች አገልግለው፥ ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚነገረው ታሪክ በአገራቸው በጎጃም የሆነ ነው።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚኖሩ ሦስት ወዳጆች ይህን መጽሐፍ በአንድ ክረምት አነበቡ እንበል። ከእሳት ዳር ተቀምጠው ስለ በዛብህ መነጋገር ጀመሩ። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው፥ በድንግልና ኖሮ ቤተ ክርስቲያንን ያገለግላል ሲሉ ተስለው ነበር።

አንደኛው፥ «ስለት ስለት ነው፤ ወላጆቹ በጭንቅ ጊዜ የገቡት ቃል ሊከበር ይገባል» አለ።

ሁለተኛውም፥ «ቃሉን የገቡት ወላጆቹ ናቸው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ያልተጠየቀው ልጅ ነው። ይህ ፍርድ ነውን?» ብሎ መለሰ።

ነገሩ እየጋለ ሄዶ አንዱ ሌላውን፥ «አንተ መጽሐፉ አልገባህም» እስከ ማለት ደረሰ። ወዳጅነታቸውም ሊፈርስ ጥቂት ቀረው። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው፥ «ከመቈጣታችሁ በፊት መጽሐፉን ግለጡና ያንኑ ክፍል አንብቡ» አላቸው። ገልጠውም በቀስታ አነበቡ። ያን ጊዜ ሁለተኛው በወላጆቹ ላይ መፍረዱን ትቶ ለጭንቀታቸው አዘነ፤ አንደኛውም ስለ ልጁ ነጻነት ከዚያ በፊት ያላሰበውን አሰበ። ሁለቱም አሳባቸውን ፈጽመው አልለወጡም፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ከቀድሞው ይልቅ አስተዋዮች ሆኑ።

ሦስተኛውም በተራው ስለ ጉዱ ካሣ ተናገረ። ይህ ሰው የተማረ ሳለ፥ የዘመኑን ልማድ ስለሚነቅፍ ጎረቤቶቹ እንደ እብድ ይቈጥሩት ነበር። «እኔም በመጀመሪያ እንደ ጎረቤቶቹ ስቄበት ነበር፤ ሁለተኛ ሳነበው ግን የሚናገረው እውነት መሆኑን አየሁ» አለ። እንደዚህ ያለው አስተያየት ለሰሚው ትልቅ ስጦታ ነው።

ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም ከዚህ በረከት አይለዩም። ይህንኑ መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ አንብቦት ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ከሊቁ ጋር እኩል ሆኖ አደመጠው። አንድ ሰው አነበበ፥ እልፍ ሰው ሰማ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ስድስት ወዳጆች በዓመት እያንዳንዳቸው አምስት መጽሐፍ ቢያነቡና ቢነጋገሩ፥ እያንዳንዱ የሠላሳ መጽሐፍ ወሬ ይደርሰዋል። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፥ ትንሽ ደብተር አዘጋጅ። መጽሐፍ ስትፈጽም የመጽሐፉን ስም፥ የደራሲውን ስም፥ የፈጸምህበትንም ቀን ጻፍ፤ ከዚያም ያገኘኸውን አሳብ በአንድ መስመር ጨምርበት። በጳጉሜን ዓመቱ ሲፈጸም፥ ዕንቍጣጣሽ ሳይደርስ፥ ከወዳጆችህ ጋር ተቀምጠህ ደብተርህን ግለጥ። የወደድኸውን ከነምክንያቱ ንገር፤ ያልወደድኸውንም ከነምክንያቱ ንገር። ሳትፈጽም የተውኸው ካለ አትሸሽግ። ያላነበቡት እንዲጓጉ የታሪኩን ፍጻሜ አትግለጥባቸው። ባልንጀራህ ሲናገር አታቋርጠው፤ ጥቂት ያነበበውንም አትናቅ፤ አንድ መጽሐፍ ብቻ አንብቦ በሚገባ ያስተዋለ፥ አሥር ገልጦ ካላስተዋለው ይሻላልና። የተዋስኸውንም መጽሐፍ ሳታቆሽሽ በጊዜው መልስ፤ ሌላ አንባቢ ይጠብቀዋል።

ብቻውን የሚያነብ ሰው በአንድ ዓይን ያያል፤ ከወዳጆቹ ጋር የሚነጋገር ግን በብዙ ዓይን ያያል።

ጥያቄ።
፩ ቆጠራና ነገራ ምንድን ናቸው?
፪ ሁለቱ ወዳጆች በምን ነገር ተከራከሩ? ጠባቸውስ በምን በረደ?
፫ በዚህ ዓመት ካነበብኸው አንዱን መርጠህ፥ ስለ ምን እንደ ወደድኸው ለባልንጀራህ ንገር።