መጀመሪያ የሚመረመረው የጣቢያው ቃል ነው

ጥያቄ፦ በሰቆጣ አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች የምከራከር ጀማሪ ተከላካይ ጠበቃ ነኝ። ደንበኞቼን ብዙ ጊዜ የማገኛቸው በቀጠሯቸው ዕለት ነው። አንዳንዶቹ አማርኛ በደንብ አይችሉም፤ ምስክር ለማፈላለግም ገንዘብ የለም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ችግሩ ከእርስዎ ትጋት ማነስ የመጣ አይደለም። መንግሥት የሚመድበው ጠበቃ ወደ መዝገቡ የሚገባው በአብዛኛው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው፤ ተከሳሹ ግን አስቀድሞ በጣቢያ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። ስለዚህ በእኔ እምነት መጀመሪያ መመርመር ያለበት ያ ቃል ነው፤ ወጪም አይጠይቅም። ቃሉ የተጻፈው በአማርኛ፣ ሰውየው የሚናገረው ግን ኽምጣና ከሆነ ማን አስተረጎመ? ተነቦለት ነበር? መልስ ያለመስጠት መብቱስ ተነግሮታል? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ያዛል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20ም በፍርድ ቤት ክርክሩ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለትና የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይ መብት ሰጥቶታል። ያስተረጎመው የግል ተበዳዩ ዘመድ ከሆነ ተቃውሞዎ በመዝገብ ይስፈር።

«ይህን ለመመርመር ጊዜ ብጠይቅ ደንበኛዬ በእስር ይቆያል» ይሉ ይሆናል። ስጋቱ እውነት ነው። ሆኖም ሳይዘጋጁ የተሰማ ምስክር በይግባኝም ለማቃናት ያስቸግራል። ወንጀሉ ዋስትና የማይከለክል ከሆነ አጭር ቀጠሮንና በደንበኛዎ አቅም ልክ የሆነ ዋስትናን አንድ ላይ ይጠይቁ። የመከላከያ ምስክሮችም በፍርድ ቤት መጥሪያ እንዲቀርቡ ዝርዝራቸውን ያስገቡ።

የተከሳሹ ዕድሜ ወይም የአእምሮ ጤና ካጠራጠረዎት ፍርድ ቤቱ የሐኪም ምርመራ እንዲያዝ ያመልክቱ። ከባድ ቅጣት በሚያስከትል ክስ ደግሞ ልምድ ያለው ተከላካይ ጠበቃ ሳያማክሩ አይቅረቡ።