የማለዳ ሥራ፣ ዝንብና የልጆች ዓይን

በባላገር የምትኖሩ እናቶችና ቤተሰቦች ሆይ፤

በዚህች አጭር ጽሑፍ ሥራ ልንጨምርባችሁ አላሰብንም። ሥራስ ሞልቷችኋል። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ ላም ማለብ፣ በረት መጥረግ፣ እሳት ማያያዝ፣ ውሃ መቅዳት፣ ከጓሮ ጎመን መቀንጠስ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ጎረቤት ጠርቶ ቡና ማፍላት፤ ይህን ሁሉ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እኛ የምንነግራችሁ ይኸው የዘወትር ሥራ ጥቂት ቢስተካከል ከልጆቻችሁ ዓይን ላይ ምን ያህል መከራ እንደሚመልስ ነው።

ትራኮማ፣ በአንዳንድ አገር ዓይነ ማዝ የሚባለው በሽታ፣ በቶሎ የሚያሳውር አይደለም። ሕፃኑን በመጀመሪያ ዓይኑን ያቀላዋል፣ ያሳክከዋል፣ ያዝረበርበዋል። ይሻለዋል፤ ደግሞ ይይዘዋል። እንዲህ እየተመላለሰ ዓመታት ሲያልፉ የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባበሳል። ከዚያም ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ የዓይኑን ብሌን ይፍቀው ጀመር። በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን ሲያስነቅሉ የምናያቸው እናቶች ሕመሙ የጀመራቸው ያን ጊዜ ሳይሆን ገና በልጅነታቸው ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ የሚጎዳውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ልጅ የሚያዝሉ፣ ልጅ የሚያቅፉ፣ የልጅን ዓይን በነጠላቸው ጫፍ የሚጠርጉ እነርሱ ስለሆኑ ነው። ያ የነጠላ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ጠርጎ ወደ ሌላው ሲሄድ በሽታውን ይዞት ይሄዳል።

ሌላው ተሸካሚ ዝንብ ነው። ብዙ እናቶች «ዝንብ የከብት ነው፣ ከብት ካለ ዝንብ አይጠፋም» ይሉናል። በከፊል እውነት አላቸው፤ የቤት ዝንብ በእበት ውስጥም ይፈለፈላል። ነገር ግን ከልጅ ዓይን ላይ አልነሣ የሚለው ዝንብ ዕንቁላሉን ለመጣል ከሁሉ ይልቅ የሚመርጠው በሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በጉድጓድ ውስጥ ግን እንደ ልቡ አይራባም። እንግዲህ ከጓሮ በታች ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በእንጨትና በጭቃ ሸፍኖ፣ ክዳን አበጅቶ መጸዳጃ ማድረግ ለአፍንጫ ብቻ አይደለም፤ ለዓይንም ነው። ቁፋሮው የአባወራው ሥራ ነውና በዚህ ነገር እናትን ብቻ መውቀስ ደግ አይመስለንም። ጉድጓዱ ከምንጭ ወይም ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በላይ አይሁን፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ታች ይወርዳልና። የሕፃናቱም ዓይነ ምድር እዚያው ይጣል። «የልጅ ነው፣ ምን አለበት» ማለት አይገባም፤ ዝንቡ የልጅና የአዋቂ ብሎ አይለይም።

ወደ በረቱ እንመለስ። ዝንብ ዕንቁላል ከጣለ በኋላ በሙቀት ጊዜ እስከ ዐሥር ቀን ባልሞላ ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ስለዚህ እበት ከደጃፍ ተከምሮ አንድ ሳምንት እንዲሰነብት መፍቀድ ዝንብን ማርባት ነው። በየቀኑ ጠርጋችሁ ወዲያው ኩበት ብትጠፈጥፉት፣ ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ብትዘረጉት ግን ትሉ ደርቆ ይሞታል፤ ማገዶውም ቶሎ ይደርሳል። ይህ አያቶቻችሁ ያስተማሯችሁ ሥራ ነው፤ እኛ የጨመርነው «ዛሬ ይሁን፣ ለነገ አይደር» የሚለውን ብቻ ነው።

የልጅን ፊት ስለ ማጠብ ስንናገር ብዙ ጊዜ የሚገጥመን መልስ «ልጄ፣ ውሃውን ከየት አምጥቼ?» የሚል ነው። መንገዱ ሩቅ ለሆነባት እናት ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ፊት ማጠብ የሚፈጀው ውሃ ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ነው። ውሃውን በገበቴ አድርጎ ልጆችን ሁሉ በዚያው ማጠብ አይገባም፤ ብዙም ይፈጃል፣ በሽታውንም ያካፍላል። በቅል ወይም በጣሳ ጥቂት ጥቂት እያፈሰሳችሁ በእጃችሁ ብታጥቡ አንዲት ጣሳ ለብዙ ልጅ ትበቃለች። ሳሙና ባይኖር ለፊት ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ለእጅ ግን አመድ ሳሙናን ይተካል፤ ምድጃችሁ ሁልጊዜ የሚሰጣችሁ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ልጁ ከብት ጠብቆ ሲመለስ ደግሞ አንድ ጊዜ ፊቱን አጥቡት። ዓይኑ የታጠበ ልጅ ለዝንብ የሚስብ ነገር የለበትም።

ስለ ልብስ ማጠብም አንዲት ነገር እንናገር። ወንዝ ወርዶ በእንዶድ ልብስ ማጠብ፣ ከባልንጀራ ጋር መጫወት፣ ልብሱን በድንጋይ ላይ ማስጣት ከቤት ሥራ ሁሉ ደስ የሚለው ሳይሆን አይቀርም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አጠገብ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ ማደሪያ ስለሆነ ይህ ግኝት በዓለም ዘንድ ታወቀ። እንግዲህ እንዶድን የናቀ ሰው ቢገጥማችሁ ይህን ንገሩት! ሆኖም አንዲት እናት ለልብሷ የምትጠቀመው እንዶድ ወንዙን ሁሉ አያነጻም። የቢልሃርዚያ ትል በውሃው ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም በቀን ብርሃን ነው። በጣና ዳርቻና ቀንድ አውጣ ባለባቸው ወንዞች አጠገብ የምትኖሩ፣ እግራችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከምትውሉ ቀድታችሁ ከዳር ብታጥቡ ይሻላል፤ ልጆቹንም ከዋና ከልክሏቸው፣ እሺ ማለታቸውን እንጃ እንጂ።

ወደ ቡናው ስንመጣ ውሃው ፈልቷልና አንሠጋም። የሚያሠጋን ስኒው ነው። ከአቦል በኋላ ስኒዎቹን ሁሉ በአንድ ሳሕን ውሃ ነክሮ ማውጣት የአንዱን አፍ ለሌላው ማካፈል ነው። ከጀበናው ቀጥሎ ሌላ ፍል ውሃ አዘጋጅታችሁ በእያንዳንዱ ስኒ ላይ ብታፈሱ ቶናውም በረካውም ደስ ብሎ ይጠጣል።

ስለ ሕክምናው፤ ዓይናቸው የቀላና የሚያዝባቸው ልጆች ካሏችሁ ወደ ጤና ኬላ አምጧቸው፤ ትራኮማን የሚያጠፋ መድኃኒት አለ። የመድኃኒት እደላ በቀበሌያችሁ በታወጀ ጊዜም ቤተሰቡ ሁሉ ይውሰድ፣ ያላመመውም ጭምር፤ አንዱ ቢቀር በሽታው ከእርሱ ወደ ሌሎቹ ይመለሳልና። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የዞረባቸው እናቶችና አያቶች ደግሞ ወረንጦውን ትተው በጤና ጣቢያ ይመርመሩ። ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፤ የዓይኑ ቆብ ስለሚደነዝዝ ሲሠራ አያምም፤ በዚያው ቀንም ወደ ቤት ይገባሉ። ዓይናቸው በፋሻ ስለሚሸፈን ግን መንገድ የሚመራቸው ልጅ ወይም ጎረቤት ይዘው ይምጡ።