የአሚኖ አሲዶች ስም አወጣጥና የጓያ ነገር

እኛ በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ተማሪዎች ለእንግዳ ቤታችንን ስናመለክት የቤት ቁጥር አንጠራም፤ «ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ተነሥተህ ሦስተኛው በር» እንላለን። የኬሚስትሪም ስም አወጣጥ እንደዚሁ ነው። ግላይሲንና አላኒን የሚባሉት የተለመዱ ስሞች የአካላቸውን አሠራር አይነግሩንም፤ ሥርዓት ያለው ስም ግን መንገድ ይመራል።

መነሻው ምን ጊዜም ካርቦክሲል የሚባለው የአሲድ ቡድን ነው፤ የእርሱ ካርቦን 1ኛ ይባላል። ከዚያ 2ኛ፣ 3ኛ እያልን ሰንሰለቱን እንቆጥራለን። 2 ካርቦን ያለው ኤታኖይክ አሲድ፣ 3 ካርቦን ያለው ፕሮፓኖይክ አሲድ ነው። በመጨረሻም ናይትሮጅን ያለበት የአሚኖ ቡድን በስንተኛው ካርቦን ላይ እንደተቀመጠ ከስሙ ፊት እንጽፋለን። እንግዲህ ግላይሲን 2-አሚኖኤታኖይክ አሲድ፣ አላኒን 2-አሚኖፕሮፓኖይክ አሲድ ይሆናል። አሚኖው በ3ኛው ካርቦን ላይ ቢሆን ኖሮ ስሙ 3-አሚኖፕሮፓኖይክ አሲድ ነው፤ ይህም ቤታ አላኒን የሚባል ሌላ ነገር ነው። በቀድሞው አጠራር አልፋ 2ኛውን፣ ቤታ 3ኛውን ካርቦን እንደሚያመለክት ልብ እንበል።

«ለአንድ ቁጥር ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» የሚል ጓደኛ ቢኖር መልሱን ከጓያ ያገኘዋል። ጓያ ድርቅን የሚችል እህል ስለሆነ በችግር ዘመን የድሃው ገበሬ ዋና ምግብ ይሆናል። ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ሽባነቱም አይድንም። በደምቢያ፣ በፎገራና በደላንታ ይህ መከራ ደርሷል።

የሕንድ ሊቃውንት በ1964 እ.ኤ.አ. መርዙን ለይተው ሲገልጹት አሚኖ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ሰንሰለቱ ፕሮፓኖይክ አሲድ ነው፤ በ2ኛውና በ3ኛው ካርቦን ላይ አሚኖ አለ፤ በ3ኛው አሚኖ ላይ ደግሞ ኦክሳሊል የሚባል ቡድን ተያይዟል። ጓያው ሲፈላ ከመርዙ ከፊሉ ይለወጣል፤ ይኸውም ኦክሳሊሉ ከ3ኛው ወደ 2ኛው አሚኖ ይዛወራል። አንድም አቶም አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ መርዛማነቱ ግን እጅግ ያንሳል። ሁለቱን በስማቸው የሚለያቸው የኦክሳሊሉ ቦታ ቁጥር ነው።

ይሁን እንጂ የሚለወጠው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ ማፍላት ብቻውን አያድንም። መርዙ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብም ይረዳል።

ለልምምድ ያህል፦ ሴሪን 2-አሚኖ-3-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ ነው። መጽሐፍ ሳንገልጥ ከስሙ ብቻ ተነሥተን እንሣለው። ቀጥሎም የጓያውን መርዝ ሥለን፣ ኦክሳሊሉ ከፈላ በኋላ የሚሄድበትን ቦታ በቀስት እናመልክት።