ደንበኛው ያልመጣለት ወደብ፤ ኪሣራው የማን ነው?

አንድ ነጋዴ መንገድ ይወጣበታል በተባለ ሰፈር መጋዘን ሠራ እንበል። መንገዱ ከዘገየ መጋዘኑ ባዶውን ይከርማል፤ የባንክ ወለዱ ግን አይቆምም። መንገዱ እስኪወጣ ልጠብቅ ቢል ደግሞ ቦታውን ሌላ ይቀድመዋል። በባሕር ላይ ከነፋስ ኤሌክትሪክ የማመንጨት ንግድም ይኸው ችግር አለበት። ልዩነቱ መጋዘኑ ወደብ፣ ባለመጋዘኑም ብዙውን ጊዜ መንግሥት መሆኑ ነው። “መንግሥት የገባበት ሥራ አስተማማኝ ነው” የሚለው አባባል ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ለማየት የአሜሪካዋን የማሳቹሴትስ ግዛት ልምድ እንመልከት።

ተራ ወደብ ለምን አይበቃም?

የባሕር ላይ ተርባይን እንደ ቡና በጆንያ ወይም እንደ ጨርቅ በኮንቴይነር አይጫንም። ቪንያርድ ዊንድ በተባለው ፕሮጀክት ላይ የዋለው ተርባይን አንዱ ክንፉ ብቻ 107 ሜትር ይረዝማል። ዕቃው በወደቡ ተከማችቶና በከፊል ተገጣጥሞ ወደ ባሕር የሚወጣ በመሆኑ ሰፊ ሜዳና ከባድ ክሬን የሚሸከም የተጠናከረ መሬት ያስፈልጋል፤ በመውጫው ላይም ድልድይ መኖር የለበትም።

ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አንዴ ከፈሰሰ የሚመለስ አይደለም። ክሬኑን መሸጥ ይቻል ይሆናል፤ የተጠናከረውን መሬት ግን ነቅሎ መሸጥ አይቻልም። በመሆኑም ወደብ የሚሠራው ባለሀብት “መጀመሪያ የተርባይን ትእዛዙን አሳዩኝ” ሲል፣ ተርባይን የሚተክለው ደግሞ “መጀመሪያ ወደቡን አሳዩኝ” ይላል። መንግሥት የሚገባው በዚህ መሐል ነው።

የኒው ቤድፎርድ ሂሳብ

ኒው ቤድፎርድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። የማሳቹሴትስ መንግሥት በንጹሕ ኃይል ማዕከሉ አማካይነት 113 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በ29 ኤከር፣ ማለትም በ12 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ያሠራው ወደብ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጠናቀቀ። በሀገሪቱ ለባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው ወደብ ነው።

ይጠበቅ የነበረው ደንበኛ 130 ተርባይኖች ለመትከል ያቀደው ኬፕ ዊንድ ነበር። ይሁን እንጂ ኬፕ ዊንድ የሚያስፈልገውን ገንዘብ እስከ 2014 መጨረሻ ማሟላት ስላልቻለ፣ ኤሌክትሪኩን ሊገዙ የተዋዋሉት ሁለት ኩባንያዎች በጃንዋሪ 2015 ውላቸውን አፈረሱ። በ2017 ፕሮጀክቱ ጨርሶ ቀረ። ወደቡ ተሠራ፤ ደንበኛው ግን የለም።

የቪንያርድ ዊንድ ተርባይን ክፍሎች ወደቡ የደረሱት በ2023 ነው። ለሂሳብ ያህል የገንዘቡን ዋጋ በዓመት 4 በመቶ ብቻ ብንወስደው፣ በስምንት ዓመት ጥበቃ 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ይታሰብበታል። በ2018 የተፈረመው የኪራይ ውል ደግሞ ለ18 ወራት 9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህም በዓመት 6 ሚሊዮን፣ ከወጣው ካፒታል 5.3 በመቶ ያህል ማለት ነው፤ የጥገናና የአስተዳደር ወጪ ከዚሁ ላይ ይነሳል። በዚህ ስሌት ትርፍ ፈላጊ ባለሀብት ብቻውን አይገባበትም። መንግሥት የገባው በኪራዩ ላይ የሥራ ዕድሉን፣ ግብሩንና ኤሌክትሪኩን ደምሮ ነው።

ለመሆኑ ወደቡን ከባዶነት ያወጣው ምንድን ነው? የወደቡ መኖር ብቻ አልነበረም። ግዛቱ በ2016 ባወጣው ሕግ የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች 1,600 ሜጋ ዋት የባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ለመግዛት እንዲዋዋሉ አስገደደ። 62 ተርባይኖችና 806 ሜጋ ዋት የያዘው ቪንያርድ ዊንድ የተመረጠው በዚህ ሕግ መሠረት ነው። ገዢ በሕግ ሲረጋገጥ ተከራይም መጣ።

ወደብም ቢኖር የቀረው የአቅርቦት መስመር ካልተሟላ ወጪ ይጨምራል። የ1920ው የአሜሪካ የመርከብ ሕግ የውጭ ሀገር መርከብ ዕቃን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ የሥራ ቦታ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። ስለዚህ ተካዩ መርከብ ባሕር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ክፍሎቹ በጀልባ ተጎትተው ይመላለሱለት ነበር።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

በእንግሊዝ ሀል ከተማ በ2014 ይፋ በሆነው የ310 ሚሊዮን ፓውንድ ሥራ፣ ተከራዩ ሲመንስ ራሱ 160 ሚሊዮን፣ የወደቡ ኩባንያ ደግሞ 150 ሚሊዮን ለማውጣት ተስማሙ። የክንፍ ፋብሪካው በ2016 ሥራ ጀመረ። የራሱን ካፒታል ያፈሰሰ ተከራይ በቀላሉ ጥሎ አይሄድም።

በኒው ጀርሲ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ግዛቱ ወደቡን መሥራት በጀመረ በሁለት ዓመት፣ በኦክቶበር 2023፣ የዴንማርኩ ኦርስቴድ ሁለቱን የኦሽን ዊንድ ፕሮጀክቶች ሰረዘ። የፌዴራሉ መንግሥትም ቢሆን ሐሳቡን ይለውጣል፤ በኦገስት 2025 ለ12 ተመሳሳይ ፕሮጀክቶች ተይዞ የነበረ 679 ሚሊዮን ዶላር ተነሳ። ከዚህ ውስጥ 427 ሚሊዮኑ የካሊፎርኒያው ሀምቦልት ቤይ ነበር።

ለባለሀብት የሚተርፈው ትምህርት

መንግሥት በጀመረው ግንባታ ዙሪያ መሬት፣ መጋዘን ወይም አክሲዮን ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ተከራዩ ፊርማውን ብቻ ነው ወይስ ገንዘቡንም አስገብቷል? ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ገዢ ማነው? የመግዛት ግዴታው በሕግ ነው ወይስ በተስፋ? ሦስተኛ፣ ደንበኛው ቢቀር ግንባታው ለሌላ ጭነት ይውላል?

የሦስቱም መልስ ደካማ ከሆነ መንግሥት ኪሣራውን በግብር ከፋዩ ላይ አከፋፍሎ ስምንት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። በባንክ ብድር የገባ ነጋዴ ግን ይህን ያህል ጊዜ የለውም።