መጃጀትና የአንጎል ብግነት

«ጃጀ» የምትለው ቃል ብዙ ነገር ሸፍናብናለች። በገነተ ማርያም አንድ አባት የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው፣ ከገበያ ሲመለሱ መንገዱን ሲስቱ፣ ጎረቤቱ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፋል። በላስታ ግን የመሬት ወሰንና የዘር ሐረግ የሚጠየቀው ከሽማግሌ አፍ ነውና ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በ1906 እ.ኤ.አ. አሎይስ አልዛይመር የተባለ የጀርመን ሐኪም ስለ አንዲት ሕመምተኛ ለባልደረቦቹ አስረዳ። ሴትዮዋ ሆስፒታል ሲገቡ ገና የ51 ዓመት ሰው ነበሩ። ከሞቱ በኋላ በአንጎላቸው ውስጥ የጓጎለ ቆሻሻና የተጠላለፈ ክር የመሰለ ነገር ተገኘ። እንግዲህ ይህ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው ማለት ነው።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ኬሚስትሪ ብንሸሽም፣ የሰነበተ ቅቤ ሽታው እንደሚለወጥ እናውቃለን፤ ኦክሲጅን ስቡን ስለሚያበላሸው ነው። አንጎልም ስብ የበዛበት አካል ነው። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክሲጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ከዚህም ፍም እንደሚረጨው ብልጭታ ያሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። ሰውነት ያጠፋቸዋል፤ በእርጅና ግን ማጥፊያው ይደክማል።

በዚህ ላይ የአንጎል ዘበኞች አሉ፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ሥራቸው ቆሻሻውን መብላት ነው። ቆሻሻው አልነሣ ሲላቸው ግን ቁጣቸው አይበርድም፤ ሌባ አባርራለሁ ብሎ መንደሩን እንደሚያቃጥል ዘበኛ ጤነኛውንም ሕዋስ ይጎዳሉ። ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ብግነቱ ብልጭታውን ይጨምራል፤ ብልጭታውም ብግነቱን።

ታዲያ ቫይታሚን ኢ ወይም የብግነት ማስታገሻ መዋጥ ነዋ! የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቫይታሚን ኢ መርሳት የጀመራቸውን ሰዎች ከበሽታው አላዳነም፤ ናፕሮክሰንም በሽታውን አልተከላከለም። «ለማስታወስ» እየተባለ የሚሸጠውን እንክብል ሁሉ አንመን።

ይልቅስ ወደ ቤታችን እንመልከት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2020 እ.ኤ.አ. የተበከለ አየርን፣ በ2024 ደግሞ ያልታከመ የዐይን መታወርን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች ቆጥሯል። ስለ አየር የተጠናው አብዛኛው በከተማ ነው፤ ነገር ግን በደጋው ብርድ ደጃፍ ተዘግቶ ኩበት ሲነድ የምትጋግር እናት የምትተነፍሰው ያው ደቃቅ ብናኝ ነው። የዐይን ሞራም ቢሆን በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው። ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ መሥራትና አያቶቻችንን ለዐይን ምርመራ ማድረስ ከእንክብሉ ይቀድማል።