ስም የሌለበት ኮከብ

በአንድ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ባለ ስድስት ጫፍ የነሐስ ኮከብ አለ እንበል። የአያት ታናሽ ወንድም በጣልያን ወረራ ዘመን ተሰደደ፤ በካርቱም በኩል ከጦሩ ጋር ወደ አገሩ ሲመለስም በጎጃም ምድር ወድቆ ቀረ። ኮከቡን ለእናቱ ያመጣው አንድ የጦር ጓዱ ነው ይባላል። ዛሬ የልጅ ልጆች ኮከቡ በእርግጥ የሟቹ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ። ከየት ይጀምሩ?

ብዙ ሰው ሜዳዩን ገልብጦ ጀርባውን ይመለከታል። የሚያገኘው ግን ባዶ ነሐስ ነው። ይህ ሜዳይ የአፍሪካ ኮከብ ይባላል። በመካከሉ የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ 6ኛ ምሕጻረ ስም ከነዘውዱ ተቀርጾበታል። የአሸዋ መልክ ባለው ጥብጣቡ ላይ ቀዩ መስመር የምድር ጦርን፣ ደማቁ ሰማያዊ የባሕር ኃይልን፣ ነጣ ያለው ሰማያዊ የአየር ኃይልን ያመለክታሉ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት በዘመቻ ሜዳዮች ላይ የባለቤቱን ስም ያስቀርጽ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ይህ ቀረ። ስለዚህ ኮከቡ የሟቹም፣ የጓዱም ሊሆን ይችላል። ነሐሱ መልስ አይሰጥም፤ መልሱ የሚፈለገው በወረቀት ላይ ነው።

ወረቀቱን ለማግኘት አስቀድሞ ሟቹ ከየትኛው ጦር ጋር እንደ ዘመተ መለየት ያስፈልጋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ካርቱም ገቡ። ከከተማይቱ በስተደቡብ ምሥራቅ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው በሶባ ስደተኞች ኢትዮጵያውያን የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። በኬንያ ከተጠለሉት ስደተኞች የተመሠረተው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃም ወደ ሱዳን ተዛውሮ፣ ዊንጌት ይመራው ከነበረው ከጌዴዎን ጦር ጋር ጎጃም ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። የካቲት 27 ቀን ከቡሬ ወደ ደምበጫ ያፈገፍግ የነበረው የጣልያን ሠራዊት ከዚህ ሻለቃ ጋር ገጠመ። በቁጥር እጅግ የበለጠው ጠላት ጥሶ አለፈ፤ የሻለቃውም ጉዳት ከባድ ነበር።

ሟቹ ከዚህ ሻለቃ ከሆነ የአፍሪካ ኮከብ ይገባዋል፤ ከሰኔ 3 ቀን 1932 እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በዘመቻው ላይ አንድ ቀን ያገለገለ እንኳ ያገኘዋልና። የመጨረሻው ዕለት ጎንደር ነጻ የወጣችበት ነው። ሟቹ በአገር ውስጥ ከአርበኞች ጋር ወድቆ ከሆነ ግን ፍለጋው መንገዱን ይለውጣል፤ የሚፈለገው የእንግሊዝ ኮከብ ሳይሆን የኢትዮጵያ መንግሥት የሰጠው የአርበኝነት ሜዳይ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የስም ነገር ነው። በእንግሊዝ ልማድ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቈጥሮ በዚያ ፊደል ተራ ያስገባል። የአባቱ ስም ወልደ ማርያም የሆነ ወታደር «ማርያም» በሚለው ሥር ቢገኝ አያስደንቅም። «ቀ»፣ «ጠ» እና «ጸ» በላቲን ፊደል እኩያ ስለሌላቸው፣ ሦስት ጸሐፊዎች አንዱን ስም በሦስት መልክ ሊጽፉት ይችላሉ። የዘመን አቈጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። በዳዊት ኅዳግ ላይ «በ1933 ሞተ» ተብሎ የተጻፈውን ቤተሰቡ እንዳለ ገልብጦ ቢልክ፣ ባዕዱ መዝገብ ቤት በዚያ ዓመት ጦርነት አልነበረም ብሎ ይመልስለታል።

የእንግሊዝ ጦር የዕለት ማስታወሻዎች በለንደን በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ሆኖም እነዚህ ማስታወሻዎች መኰንኖችን በስም ሲጠሩ፣ ተራውን ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ «ይህን ያህል ሞቱ» ብለው ያልፋሉ። በሱዳን ያገለገሉ ሹማምንት የግል ወረቀቶች ደግሞ በደርሃም ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የሱዳን ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። በካርቱም የጦር መካነ መቃብር ውስጥ በዚህ ዘመቻ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ወደ 600 የሚጠጉ የእንግሊዝና የግዛቶቿ ወታደሮች ስም የሚገኝበት መታሰቢያ ቆሟል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ግን ካርቱም ራሷ የጦርነት አውድማ ሆነች፤ በሌሎች አገሮች ያሉት መዛግብት ከቀድሞው ይልቅ ተፈላጊ የሆኑት ስለዚህ ነው።

ቤተሰቡ የሟቹን ስም በልዩ ልዩ አጻጻፍ፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የወደቀበትን ቦታና ቀን በሁለቱም አቈጣጠር ጽፎ፣ የዝምድና ማስረጃ አያይዞ ለእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር የሜዳይ ክፍል ያቀርባል። ሜዳዩ ሳይወሰድ ቀርቶ ከሆነ ለቅርብ ወራሽ ሊሰጥ ይችላል። ወሬውን ያመጣው ጓድ ስምም አብሮ ይጻፍ፤ በሣጥኑ ያለው ኮከብ የእርሱ ቢሆን ደግሞ የእርሱም ልጆች ይፈልጉት ይሆናል።

ጥያቄዎች

1. ኮከቡ ብቻውን የሟቹን ማንነት ሊያስረዳ ያልቻለው ለምንድን ነው?
2. የራሳችሁን ስም አንድ ባዕድ ጸሐፊ በምን በምን መልክ ሊጽፈው እንደሚችል አስረዱ።
3. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ በጦርነት የወደቀ ሰው ካለ፣ አረጋውያንን ጠይቃችሁ ለመዝገብ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ጻፉ።