ከሰንጠረዡ በፊት ፈሳሹን

ተማሪ፦ ጋሼ፣ በ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ስደርስ ሁሌ አንድ ቦታ እደናቀፋለሁ። በቮልቴጅ ሰንጠረዡ ላይ ሃይድሮጂን የሚገኝበት ግማሽ እኩልታ ሁለት ነው፤ የኦክስጅኑም እንዲሁ ሁለት። የትኛውን ልምረጥ?

መምህር፦ ልጄ፣ ምርጫው የሚጀምረው ከሰንጠረዡ ሳይሆን ከፈሳሹ ነው። በግማሽ እኩልታው ግራ በኩል የምትጽፈው ነገር በፈሳሹ ውስጥ በብዛት መገኘት አለበት። አሲድ ውስጥ የሃይድሮጂን አዮን ሞልቷል፤ ስለዚህ በካቶድ 2 የሃይድሮጂን አዮኖች 2 ኤሌክትሮን ተቀብለው 1 የሃይድሮጂን ሞለኪውል ይሆናሉ። ቤዝ ውስጥ የሞላው ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በአኖድ 4 ሃይድሮክሳይድ 4 ኤሌክትሮን ለቀው 1 ኦክስጅንና 2 ውሃ ይሰጣሉ። ገለልተኛ ፈሳሽ ሲሆን ግን 1 ሊትር ውስጥ 55 ሞል ያህል ውሃ እያለ የሃይድሮጂን አዮኑም ሃይድሮክሳይዱም እያንዳንዳቸው የአንድ ሞል 10 ሚሊዮንኛ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በሁለቱም ኤሌክትሮዶች የሚጻፈው ውሃው ራሱ ነው፦ በካቶድ 2 ውሃ 2 ኤሌክትሮን ተቀብሎ 1 ሃይድሮጂንና 2 ሃይድሮክሳይድ፣ በአኖድ 2 ውሃ 4 ኤሌክትሮን ለቆ 1 ኦክስጅንና 4 የሃይድሮጂን አዮን። የአሲድ አኖድና የቤዝ ካቶድም በዚሁ ውሃ ይጻፋሉ።

ተማሪ፦ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ። ሃይድሮጂን አንዱ ጋ 0፣ ሌላው ጋ −0.83 ቮልት ነው፤ ኦክስጅን ደግሞ 1.23 እና 0.40። ታዲያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም?

መምህር፦ የተለያየው የተለኩበት ፈሳሽ ነው። 0 እና 1.23 የፒኤች 0 ቁጥሮች ናቸው፤ −0.83 እና 0.40 የፒኤች 14። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፒኤች በ1 በጨመረ ቁጥር ሁለቱም በ0.059 ቮልት ይወርዳሉ፤ ይህ በ14 ሲባዛ 0.83 ይሆናል። ፒኤች 7 ላይ −0.41 እና 0.82 ታገኛለህ። ልዩነታቸውን አስላ፦ በሦስቱም ፈሳሾች 1.23 ቮልት ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ለአንድ ገለልተኛ ውሃ −0.83ን ከ1.23 ጋር አዳብሎ 2.06 ቮልት ሲል ነው። ያ ቁጥር የሚሠራው ካቶዱ ቤዝ፣ አኖዱ አሲድ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው።

ተማሪ፦ እሺ፣ ኮምቦልቻ የሚመረተው ቆርቆሮ ደሴ ጣሪያ ላይ ሲዝግስ? ዝናቡ ውሃ ነውና ያንኑ የውሃ ካቶድ ብጽፍ ምን ይለዋል?

መምህር፦ ጣሪያው ላይ ከውሃው ጋር ኤሌክትሮን የሚሻማ ሌላ አለ፤ ከአየር የሟሟ ኦክስጅን። የብረት ቁጥር −0.44 ነው። ፒኤች 7 ላይ ውሃው ሃይድሮጂን ይስጥ ብትል የምታገኘው ግፊት 0.03 ቮልት ብቻ ነው፤ ኦክስጅኑ ግን 1.26 ቮልት ይሰጥሃል። ስለዚህ 1 ኦክስጅን ከ2 ውሃ ጋር 4 ኤሌክትሮን ተቀብሎ 4 ሃይድሮክሳይድ የሚሆንበትን ጻፍ። ቆርቆሮው በዚንክ ከተለበጠ ምስማር በጫረው ቦታ ኤሌክትሮን የሚለቀው ዚንኩ ነው፤ ቁጥሩ −0.76 ስለሆነ ብረቱን ይቀድመዋል። ያኔም የካቶዱ እኩልታ ያው የኦክስጅኑ ነው። የመኪና ባትሪ አሲድ ብረት ላይ ቢፈስ ግን አረፋ ታያለህ፤ እዚያ የሃይድሮጂን አዮን በዝቷልና የአሲዱን ትመርጣለህ።

ተማሪ፦ ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። የኦክስጅኑ ቁጥር አይወርድም?

መምህር፦ ይወርዳል፣ ግን ምን ያህል እንደሆነ አስላው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ይህ ቁጥሩን ከ2 ሚሊቮልት ባነሰ ብቻ ይቀንሰዋል። ከ1.26 ቮልት አንጻር ምርጫህን አያስቀይርም።

ተማሪ፦ የተከማቸ የጨው ብጥብጥ ግን ደንቡን ያፈርሰዋል። ክሎሪን 1.36፣ ኦክስጅን 0.82 ሆኖ ሳለ በአኖድ የሚወጣው ክሎሪን ነው።

መምህር፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው። ሰንጠረዡ የትኛው እንደሚቀል ይናገራል፤ የትኛው እንደሚፈጥን አይናገርም። ኦክስጅን ለመውጣት 4 ኤሌክትሮን መልቀቅና አዲስ ትስስር መሥራት ስላለበት ይዘገያል፤ እንዲፈጥን ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ክሎራይዱ ሲበዛ ይቀድመዋል፤ ብጥብጡ ሲቀጥን ኦክስጅኑ ያይላል። እንግዲህ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ፦ ፈሳሹ ውስጥ ምን አለ፣ በዚያው ፒኤች ቁጥሩ ስንት ነው፣ የትኛው ይፈጥናል። እስቲ የሶዲየም ሰልፌትን ብጥብጥ አንተ ሥራው።

ተማሪ፦ ፈሳሹ ገለልተኛ ነው። ሶዲየም −2.71 ስለሆነ ካቶዱ ላይ ውሃው በ−0.41 ይቀድመዋል። ሰልፌቱ ኤሌክትሮን አይለቅም፤ አኖዱም ላይ ውሃ ነው። ፊኖልፍታሊን ጠብ ባደርግበት ካቶዱ ዙሪያ ሮዝ ይሆናል፣ ሃይድሮክሳይድ እዚያ ስለሚፈጠር። ባማስለው ግን 4ቱ ሃይድሮክሳይድ ከ4ቱ የሃይድሮጂን አዮን ጋር ተገናኝተው ውሃ ስለሚሆኑ ቀለሙ ይጠፋል።

መምህር፦ ትክክል። አራቱን እኩልታዎች በቃልህ መያዝ ብቻውን እዚህ አያደርስህም ነበር፤ ያደረሰህ ፈሳሹን ቀድመህ ማየትህ ነው።